ኮምፒውተሮችም ምርጫ ነበራቸው

በ1990ዎቹ አጋማሽ በአንድ ቢሮ ውስጥ በኬብል የተያያዙ ኮምፒውተሮች ምርጫ ያካሂዱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀልድ አይደለም፤ "ምርጫ" የሚለውን ስም ያወጡለት የማይክሮሶፍት መሐንዲሶች ራሳቸው ናቸው። ዕጩ ነበረው፣ መስፈርት ነበረው፣ አሸናፊና ተጠባባቂም ነበረው። ያሸነፈችው ማሽን የምታገኘው ሥልጣን አንድ ብቻ ነው፦ በዚያ ቢሮ ፋይል የሚያካፍሉት ኮምፒውተሮች የትኞቹ እንደሆኑ የሚናገረውን የስም ዝርዝር መያዝ።

ዊንዶውስ 95ን የሚያስታውስ ሰው "ኔትወርክ ኔበርሁድ" የምትባለውን ምልክት አይረሳትም። እሷን ሲጫኗት የጎረቤት ኮምፒውተሮች ስም ይደረደራል፤ ሒሳብ ክፍል፣ ግዢ ክፍል፣ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ። ከስሞቹ አንዱን ሲጫኑት ደግሞ ሼር የተደረጉት ፎልደሮች ይከፈታሉ። ያ ዝርዝር የሚመጣው ከተመረጠችው ማሽን ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዲት ኮምፒውተር ዝርዝሩን የያዘችውን ፈልጋ ካጣች፣ ወይም ገና ስትከፈት "ከእሷ እኔ እሻላለሁ" ካለች፣ ምርጫ ይደረግ ብላ ለሁሉም ታሰማለች። ሌሎቹ ማዕረጋቸውን ይናገራሉ። የዊንዶውስ 95 ማዕረግ 1 ነው። ለሰርቨርነት የተሠራው ዊንዶውስ ኤንቲ ማዕረጉ ከ30 በላይ ነው። ማዕረግ እኩል ከሆነ ሳትጠፋ ረጅም ሰዓት የቆየችው ታሸንፋለች፤ እሱም እኩል ከሆነ በፊደል ተራ ስሟ የሚቀድመው። የበላዩን ድምፅ የሰማ የበታች ዝም ይላል። እንግዲህ ድምፅ ሳይሰጥ ውጤቱ የሚታወቅ ምርጫ ማለት ይህ ነው። አንባቢ ሌላ ምሳሌ ትዝ ቢለው ጥፋቱ የኮምፒውተሮቹ አይደለም።

መዝገቡም የራሱ ጣጣ ነበረበት። እያንዳንዷ ማሽን በየ12 ደቂቃው "አለሁ" ትላለች። ሦስት ጊዜ ካልተሰማች፣ ማለትም 36 ደቂቃ ካለፈ፣ ስሟ ይሰረዛል። ተጠባባቂዎቹ ግን ዝርዝሩን የሚገለብጡት በየ15 ደቂቃው ነው። ሲደመር፣ ከጠፋች 51 ደቂቃ የሆናት ኮምፒውተር ስሟ ከሕያዋን ጋር ሊታይ ይችላል። አሁን የተከፈተችው ደግሞ አጠገብ ተቀምጣ ዝርዝሩ ላይ የለችም። የሞቱ ሰዎች የሚገኙበት፣ በሕይወት ያሉት የሚጠፉበት መዝገብ! በዚያ ዘመን የአይቲ ባለሙያ ሆኖ "ትንሽ ጠብቅ፣ ይመጣል" ያላለ የለም፤ እውነቱንም ነበር።

ነገሩ ተራ የማሽን ወግ ይመስላል። ግን "ፋይሉ የት እንዳለ የሚናገረው ማን ነው?" የሚለው ጥያቄ ቀጥሎ በመጡት ሃያ ዓመታት ሉክሰምበርግ ችሎት ፊት ቀርቧል፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን በር አዘግቷል፣ በመጨረሻም የዓለምን ትልቁን የኮንቴይነር ማጓጓዣ ድርጅት ዕጣ ጋና ውስጥ በነበረች አንዲት ኮምፒውተር ላይ ጥሎታል። ታሪኩን ከሥሩ ማየት ይሻላል።

* * *

መጀመሪያ ድህነት ነበር፤ የዲስክ ድህነት። አይቢኤም በ1983 ያወጣው ኤክስቲ የተባለው ኮምፒውተር 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ይዞ ዋጋው 5 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። 10 ሜጋባይት ማለት ዛሬ በስልክ የሚነሡ ጥቂት ፎቶዎች ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ማሽን መግዛት ለብዙ ድርጅት የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ አንድ ጥሩ ዲስክ ያላት ማሽን ተገዝታ ሌሎቹ በሽቦ ይጠቀሙባት ተባለ። ፋይል ሰርቨር የምትባለው ይህች ናት።

በዚያው ዓመት በአይቢኤም ባሪ ፋይገንባውም የተባለ መሐንዲስ አንድ ብልሃት አመጣ። ፕሮግራሙ "ይህን ፋይል ክፈትልኝ" ሲል ጥያቄው ወደ ራሱ ዲስክ በመሄድ ፈንታ ተጠቅልሎ በሽቦው ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይላካል፤ መልሱም በዚያው ይመለሳል። ፕሮግራሙ ፋይሉ እዚያው ያለ ይመስለዋል፣ አያውቅም። ይህ የመነጋገሪያ ደንብ ኤስኤምቢ ተባለ። ማይክሮሶፍት ወስዶ አስፋፋው። ዛሬም በየቢሮው ሼር የተደረገ ፎልደር ሲከፈት ከጀርባ የሚናገረው የዚያ ቋንቋ የልጅ ልጅ ነው።

ግን ለመነጋገር መጀመሪያ መገናኘት አለ። ሰርቨሯ የት ናት? መልሱ የተገኘው ከአዋጅ ነጋሪ ዘመን ነው፦ በጩኸት። ኔትባዮስ በሚባለው ሥርዓት እያንዳንዷ ኮምፒውተር 16 ፊደል የሚይዝ ስም አላት። 15ቱ ለስሟ ነው፤ 16ኛው ሥራዋን ይናገራል፣ ፋይል ታካፍላለች ወይስ ሌላ ነገር ታደርጋለች የሚለውን። አንዲት ማሽን ሌላዋን ስትፈልግ ሽቦው ላይ ላለው ሁሉ "እገሊት የምትባለው ማን ናት?" ብላ ትጮኻለች። ባለስሟ "እኔ ነኝ" ትላለች። አለቀ። እውነት እሷ መሆኗን የሚያጣራ የለም።

ይህን ሞኝነት ብሎ መሳቅ ቀላል ነው። ግን የታሰበው ለአንድ ክፍል፣ ቢበዛ ለአንድ ፎቅ ነበር። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ጠባብ ክፍል በር አንኳኪውን "ማነው?" ብሎ "እኔ ነኝ" የሚል መልስ መቀበል ነውር የለውም። ድምፁን እናውቀዋለን። ችግሩ የመጣው በሩ ወደ አደባባይ ሲዞርና መልሱ እንደ ድሮው "እኔ ነኝ" ሆኖ ሲቀር ነው።

ሌሎቹም በየራሳቸው መንገድ ይጮኹ ነበር። በዘመኑ ገበያውን የያዘው የኖቬል ኔትዌር ሰርቨር በየ60 ሰከንዱ "እዚህ ነኝ፣ ይህን እሰጣለሁ" እያለ ራሱን ያስተዋውቃል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ችግር የለውም። ሁለት ከተማን በሚያገናኝ ቀጭን የስልክ መስመር ላይ ግን መስመሩ ሥራ ሳይሠራ በማስታወቂያ ብቻ ይጨናነቅ ነበር። አፕል ከ1985 ጀምሮ ባስተዋወቀው አፕልቶክ ለተጠቃሚው "ቹዘር" የሚባል ትንሽ መስኮት ሰጠ፤ ከፍቶ ማየትና መምረጥ ብቻ። በጊዜው እንደ እሱ የቀለለ አልነበረም።

ለየት ያለ መንገድ የሄደው ሰን ማይክሮሲስተምስ ነው። ኤንኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ማካፈያ ደንቡን በ1984 ሠራ፤ በ1989 ደግሞ ማንም አንብቦ የራሱን እንዲሠራ በይፋ የኢንተርኔት ሰነድ ሆኖ ወጣ። የማይክሮሶፍት መንገድ ሌላ ነበር። የድሮው ኤስኤምቢ ከፊሉ ተጽፎ ይገኝ ነበር። ዊንዶውስ ባደገ ቁጥር የሚጨመረው ግን በድርጅቱ መሐንዲሶች ራስ ውስጥ ይቀራል። የቢሮው ኮምፒውተር ሁሉ ዊንዶውስ እየሆነ ሲመጣ፣ ከዊንዶውስ ጋር መነጋገር የማይችል ሰርቨር ደንበኛ አያገኝም። ቋንቋውን የያዘ ገበያውን ያዘ።

* * *

በታኅሣሥ 1991 በአውስትራሊያ ካንቤራ አንድሪው ትሪጅል የተባለ የዶክትሬት ተማሪ አንድ ትንሽ ችግር ገጠመው። በዶስ ከሚሠራ ኮምፒውተሩ ሆኖ በዩኒክስ ማሽን ላይ ያሉ ፋይሎቹን መክፈት ፈለገ። የነበረው ሶፍትዌር የሌላ ኩባንያ ነው፤ የሚናገርበት ቋንቋም አልተጻፈም። ልጁ ሽቦው ላይ የሚያልፈውን መልእክት የሚያዳምጥ ፕሮግራም ጻፈ። ሁለቱ ማሽኖች ሲነጋገሩ እየሰማ፣ ይህን ሲባል ያ ይመለሳል፣ ያ ሲባል ይህ ይከተላል እያለ ደንቡን ፈታው። በጥር 1992 የሠራውን ለማንም በነፃ ለቀቀ። የፈታው ቋንቋ ኤስኤምቢ መሆኑን እንኳ ያኔ አያውቅም ነበር።

ትሪጅል ኋላ ላይ ሥራውን ሲያስረዳ የሰጠው ምሳሌ ጥሩ ነው። ፈረንሳይኛ መማር ፈልገህ መጽሐፍም አስተማሪም ብታጣ፣ ፓሪስ ሄደህ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብለህ ሰዎች ሲያወሩ ታዳምጣለህ። አንዱ አስተናጋጁን ጠርቶ አንድ ነገር ሲለው ቡና ከመጣለት ያ ቃል ምን እንደሆነ ገባህ ማለት ነው። ማንም ሰው ወሬ በማዳመጥ የሌላውን ንብረት ሰረቀ አይባልም። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ቀላል አይደለችም፤ የኋላው ክርክር ሁሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው።

ስሙም የራሱ ታሪክ አለው። መጀመሪያ ያወጣለት ስም በሌላ ኩባንያ የተመዘገበ ሆኖ ተገኘና ቀይር ተባለ። ትሪጅል ኮምፒውተሩ ላይ ባለው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ኤስ፣ ኤም እና ቢ የሚሉት ፊደሎች በዚሁ ተራ የሚገኙባቸውን ቃላት ፈለገ። ከወጡት ጥቂት ቃላት አንዱ የብራዚል ጭፈራ ነበር፦ ሳምባ። በዚያው ቀረ።

ሳምባ ዊንዶውስ ያልሆነን ሰርቨር ዊንዶውስ አስመስሎ ያናግራል። ነፃ ነው፤ በርካሽ ማሽን ላይ ይጫናል። ምርጫውስ? ሳምባ በምርጫው ይወዳደራል። እንዲያውም አስተዳዳሪው ማዕረጉን በራሱ እጅ ይጽፍለታል። ትልቁ የማይክሮሶፍት ሰርቨር ከ30 ጥቂት ሲያልፍ ሳምባን 65 ማድረግ የተለመደ ምክር ነበር፤ እስከ 255 ይፈቀዳል። ከካንቤራ የመጣ ነፃ ፕሮግራም በማይክሮሶፍት ሜዳ፣ በማይክሮሶፍት ሕግ፣ የማይክሮሶፍትን ዕጩ ያሸንፍ ነበር።

ማይክሮሶፍት በ1996 ኤስኤምቢን ሲፍስ ብሎ ሰየመው። ለኢንተርኔት የሚሆን አዲስ ደንብ ተብሎ ረቂቅ ሰነድም ለኢንተርኔት ደረጃ አውጪው አካል ቀረበ። ረቂቁ ሳይጸድቅ ጊዜው አለፈ። ስሙ ተቀየረ እንጂ ነገሩ አልሸሹም ዞር አሉ ነው።

* * *

ትልቁ ለውጥ የመጣው በየካቲት 2000 ዊንዶውስ 2000 ሲወጣ ነው። ማይክሮሶፍት ጩኸቱና ምርጫው ለትልቅ ድርጅት እንደማይሆን ገብቶት አክቲቭ ዳይረክተሪ የሚባል ማዕከላዊ መዝገብ አመጣ። ከእንግዲህ ኮምፒውተሮች የሚጠይቁት ጎረቤታቸውን ሳይሆን ዶሜን ኮንትሮለር የሚባሉትን የመዝገብ ጠባቂዎች ነው። አንተ ማን ነህ? የይለፍ ቃልህ ትክክል ነው? የምትፈልገው ሰርቨር የት ነው? እሱን መክፈትስ ተፈቅዶልሃል? አራቱንም የሚመልሱት እነሱ ናቸው። የመዝገብ ጠባቂዎቹ እርስ በርሳቸው መዝገቡን ይገለባበጣሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል። በአሠራር ደረጃ ከቀድሞው እጅግ የተሻለ ነበር። ግን ቋንቋው ዝግ ነበር።

ሰን ማይክሮሲስተምስ ይህን አስቀድሞ አይቶታል። በመስከረም 1998 ለማይክሮሶፍት ደብዳቤ ጻፈ፤ የእኛ ሰርቨሮች ከአዲሱ መዝገብ ጋር እንዲነጋገሩ መረጃውን ስጡን አለ። መልሱ እምቢታ ነበር። በታኅሣሥ ወር አቤቱታው ብራስልስ፣ አውሮፓ ኮሚሽን ደረሰ።

ኮሚሽኑ ከአምስት ዓመት በላይ መርምሮ መጋቢት 24 ቀን 2004 ወሰነ፦ 497 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት፣ በተጨማሪም የሰርቨሮቹን የመነጋገሪያ ደንብ ለተወዳዳሪዎች በ120 ቀን ውስጥ መስጠት። ብዙ ጋዜጣ ገንዘቡን በትልቁ ጻፈ። ለማይክሮሶፍት የከበደው ግን ሁለተኛው ነበር፤ ገንዘብ ነበረው።

ከዚህ በኋላ የሆነው የፍርድ ቤት ደጅ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ከሳሾቹ አንድ በአንድ ታረቁ። ሰን ውሳኔው በወጣ በቀናት ውስጥ ከ1.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተቀብሎ ወጣ። ከኮሚሽኑ ጎን ቆሞ የነበረው ኖቬል በዚያው ዓመት ኅዳር 536 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ። ማይክሮሶፍት ይግባኝ ብሎ ሉክሰምበርግ ሲሄድ ከኮሚሽኑ አጠገብ ቆመው ከቀሩት መካከል የአውሮፓ ነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንና የሳምባ ሰዎች ይገኙበታል። ለእነሱ በቢሊዮን የሚቆጠር የዕርቅ ሒሳብ ያቀረበላቸው የለም። በሚያዝያ 2006 በተካሄደው የአምስት ቀን ችሎት ትሪጅል ራሱ ቀርቦ ኮምፒውተሮች እንዴት እንደሚነጋገሩ ለዳኞች አስረዳ።

ማይክሮሶፍት ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ ከታሪክ አንጻር ሊታወስ ይገባዋል። የመዝገብ ጠባቂዎቹ እርስ በርስ የሚያደርጉት ንግግር እጅግ የተሳሰረ ነው፣ በአንድ "ሰማያዊ አረፋ" ውስጥ ያሉ ያህል ናቸው፤ ከሌላ ድርጅት የመጣ ሰርቨር ወደዚያ አረፋ ሊገባ አይችልም አለ። አረፋው ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። መስከረም 17 ቀን 2007 በ13 ዳኞች ችሎት የኮሚሽኑ ውሳኔ በዋና ዋና ነጥቦቹ ጸና። ደንቡን በወቅቱና በአግባቡ ባለመስጠቱ ማይክሮሶፍት በ2006 ተጨማሪ 280.5 ሚሊዮን፣ በ2008 ደግሞ 899 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ፤ የመጨረሻው ኋላ ላይ ወደ 860 ሚሊዮን ዝቅ ብሏል።

በታኅሣሥ 20 ቀን 2007 ሳምባን የወከለ ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ከማይክሮሶፍት ጋር ተፈራርሞ ሰነዱን ተረከበ። የከፈለው አንድ ጊዜ 10,000 ዩሮ ነው። ካፌ ተቀምጦ በማዳመጥ ለተጀመረ ሥራ የሰዋስው መጽሐፉ ከ16 ዓመት በኋላ መጣ። በታኅሣሥ 2012 የወጣው ሳምባ 4 የመዝገብ ጠባቂነቱን ሥራ ራሱ መሥራት ቻለ። ዛሬ ገበያ ላይ ካሉ በኔትወርክ የሚሠሩ የፋይል ማስቀመጫ ሳጥኖች እጅግ ብዙዎቹ ውስጣቸው ሳምባ ነው፤ ባለቤቶቻቸው ስሙን ሰምተው ባያውቁም። አፕልም ቢሆን በ2013 የራሱን ትቶ የኤስኤምቢን አዲስ ዝርያ ለማክ ቀዳሚ የፋይል ማካፈያ አደረገው።

ስለ ቋንቋው ባለቤትነት የተደረገው ትግል በዚህ መልኩ ተቋጨ ማለት ይቻላል። ከበሩ ጋር የተያያዘው ጉዳይ ግን ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ነበር።

* * *

የዊንዶውስ ኮምፒውተር ባለቤቷ ምንም ሼር ባያደርግባትም ፋይል ሰርቨር ነበረች። ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ 445 በሚባል የኔትወርክ በር ላይ ተቀምጣ ጠያቂ ትጠብቃለች። አዲስና የተሻለ የኤስኤምቢ ዝርያ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጥቶ ነበር፤ የመጀመሪያው አሮጌ ዝርያ ግን ከድሮ ማሽኖች ጋር መነጋገር ይቻል ዘንድ አብሮ ቀረ። ፎቶ ኮፒው፣ ስካነሩ፣ የሆስፒታሉ መሣሪያ በአሮጌው ነው የሚናገሩት። ማን ደፍሮ ያጥፋው? በመስከረም 2016 የማይክሮሶፍት የራሱ የፋይል ሰርቨር ባለሙያዎች "አሮጌውን መጠቀም አቁሙ" ብለው በይፋ ለመኑ። ሰሚ አላገኙም።

በአሮጌው ውስጥ ያለውን አንድ ቀዳዳ ያወቀ ሌላ አካል ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ ኢተርናልብሉ የተባለ መሣሪያ እንደሠራለትና ከአምስት ዓመት በላይ ለማይክሮሶፍት ሳይናገር እንደተጠቀመበት የአሜሪካ ጋዜጦች ዘግበዋል። ማይክሮሶፍት መጋቢት 14 ቀን 2017 ማስተካከያ አወጣ። ከአንድ ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 14፣ ራሳቸውን ሻዶ ብሮከርስ የሚሉ ሰዎች መሣሪያውን በኢንተርኔት ላይ በተኑት።

ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓርብ ዕለት ዋናክራይ ተነሣ። ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ ነው። አካሄዱን ላየው የቢሮ ሠራተኛ ከሚያደርገው ብዙም አይለይም፦ በኔትወርኩ ላይ ያሉትን አድራሻዎች አንድ በአንድ እያንኳኳ በር 445 ላይ የሚመልስ ይፈልጋል። የመለሰችለትን በቀዳዳዋ ይገባና ከእሷ ሆኖ የሷን ጎረቤቶች ማንኳኳት ይጀምራል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ150 በላይ አገሮች፣ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮች። በእንግሊዝ ከ236 የመንግሥት የጤና ተቋማት ቢያንስ 80ዎቹ ተነኩ፤ አምቡላንሶች ወደ ሌላ ሆስፒታል ዞሩ፤ 19 ሺህ ያህል የሐኪም ቀጠሮዎች እንደተሰረዙ ተገምቷል። ያቆመው ማርከስ ሃቺንስ የተባለ የ22 ዓመት እንግሊዛዊ ነው። ቫይረሱ በውስጡ አንድ ያልተመዘገበ የድረ ገጽ አድራሻ እየጠራ መሆኑን አየና 10 ዶላር ገደማ ከፍሎ አስመዘገበው። ቫይረሱ አድራሻው ሲመልስለት ራሱን እንዲያቆም ተደርጎ ተጽፎ ኖሯል።

ዓለም ተነፈሰ። ስድስት ሳምንት ብቻ ነው የተሰጠው።

ሰኔ 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ መጣ። የተጀመረው በዩክሬን፣ አንድ የሒሳብና የግብር ሶፍትዌር በሚላክበት መንገድ ተደብቆ ነው። አሜሪካና እንግሊዝ በኋላ የሩሲያን ወታደራዊ ክፍል በይፋ ወንጅለዋል። ቤዛ የሚጠይቅ ይምሰል እንጂ ፋይሉን የሚመልስ ቁልፍ አልነበረውም፤ ለማጥፋት ነው የተሠራው። ኢተርናልብሉ አለው፤ በተጨማሪም ከተያዘችው ኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ የይለፍ ቃል ሰርቆ በሕጋዊ ሰው ስም ወደ ቀጣዩዋ ይገባል። ማስተካከያውን በወቅቱ የጫነም አልዳነም።

የዴንማርኩ ሜርስክ ኦዴሳ ባለ ቢሮው ያ ሶፍትዌር የተጫነባት ኮምፒውተር ነበረችው። በሰዓታት ውስጥ የድርጅቱ ስክሪኖች በየአህጉሩ ጠቆሩ። የዓለምን የኮንቴይነር ጭነት አምስተኛ ያህል የሚያንቀሳቅስ ድርጅት በየወደቡ ደጃፍ ላይ የተሰለፉ ከባድ መኪኖችን የትኛው ሳጥን የማን እንደሆነ ሊነግራቸው አልቻለም።

ለማገገም ሲነሡ የፋይሎች ቅጂ በየቦታው አገኙ። ያጡት መዝገቡን ነው። ዋየርድ መጽሔት በ2018 እንደዘገበው ሜርስክ 150 ያህል የመዝገብ ጠባቂዎች ነበሩት። እርስ በርስ እየተገለባበጡ ስለሚኖሩ አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ ነው ተብሎ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊጠፉ ይችላሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። አረፋው ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ በአንድ ዓይነት በሽታ ወደቀ። ማን ማን እንደሆነ፣ የትኛው ሰርቨር የት እንዳለ፣ ማን ምን መክፈት እንደተፈቀደለት የሚናገር መዝገብ ከሌለ የተረፈው ፋይል ቁልፉ የጠፋ መጋዘን ነው።

በእንግሊዝ ሜይደንሄድ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች ወደ ዓለም ሁሉ ደወሉ። በመጨረሻ አንዲት የተረፈች አገኙ፤ ጋና። ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት እዚያ መብራት ጠፍቶ ነበር። ማሽኗ ከኔትወርኩ ተቋርጣ ስለቆየች ቫይረሱ ሲያንኳኳ የመለሰለት የለም። የጥበቃ ሥርዓቱ ያልሠራውን የመብራት መቋረጥ ሠራው። (መብራት ጠፋ ብሎ ማማረር ለለመደ ሰው ይህች እንደ ካሳ ትቆጠርለት።)

መዝገቡ በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ነበር፤ የጋናው ቢሮ የኢንተርኔት መስመር ቀጭን ስለሆነ እንግሊዝ ለማድረስ ቀናት ይፈጃል። እንግዲያው ሰው በአውሮፕላን ያምጣው ተባለ። ከጋናው ቢሮ ሠራተኞች አንድም የእንግሊዝ ቪዛ ያለው አልተገኘም። ኮምፒውተር ሁሉን አገናኘ በተባለበት ዘመን ነገሩ የቆመው ኤምባሲ በር ላይ ነው። ስለዚህ ቅብብል ሆነ፦ አንድ ሠራተኛ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ከጋና ናይጄሪያ በረረ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ቪዛ ላለው ሌላ የሜርስክ ሠራተኛ አስረከበ፣ እሱም ስድስት ሰዓት ተኩል ተጉዞ ለንደን አደረሰው። ከዚያች ዲስክ የድርጅቱ መዝገብ ተነሣ። የሜርስክ የቦርድ ሊቀመንበር በቀጣዩ ዓመት ዳቮስ ላይ እንደተናገሩት በአሥር ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደገና ተሰናድቷል። ድርጅቱ ኪሳራውን ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል።

* * *

በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ማይክሮሶፍት አዲስ የዊንዶውስ 10 እትም አወጣ። አሮጌው ኤስኤምቢ በአዲስ በሚጫኑ ኮምፒውተሮች ላይ እንደ ቀድሞው አብሮ መሥራቱ ቀረ። ምርጫውን የሚያካሂደው አገልግሎት የሚንቀሳቀሰው በአሮጌው ቋንቋ ነበርና አብሮ ቀረ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በየቢሮው ሲካሄድ የኖረው ምርጫ መቋረጥ ጀመረ።

በማግሥቱ በየአገሩ ያሉ የአይቲ ባለሙያዎች ስልክ ጮኸ። ደዋዩ የኔትወርክ መስኮቱን ከፍቶታል፣ ባዶ ነው፤ የሒሳብ ክፍሉ ሰርቨር ጠፍቷል። ሰርቨሩ ግን አልጠፋም፣ እዚያው ነው። የሚያሳየው ዝርዝር ነው የሌለው። ባለሙያው የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ከላይ ባለው የአድራሻ ቦታ ላይ ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበሉ ሰረዞች አድርግ፣ ከዚያ የሰርቨሩን ስም ራስህ ጻፍ።

"ስሙን ከረሳሁትስ?" ይላል ደዋዩ።